ይቆረጥ ብላ ነበር

አልቃሿ «የይግዛው ቀኝ ክንድ ተቆረጠ!» ብላ ድምጿን ከፍ ስታደርግ፣ ፈንታነሽ ወደ አፏ ያነሳችውን ንፍሮ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሉ። የሟች ባል ይግዛው በሁለት ወንድሞቹ ተደግፎ እየተንሰቀሰቀ ገባ። ፊቱን ነጭቶ ግንባሩ ደምቷል። የቢቸና ሰው ከበበውና ሚስቱን ለማዳን ያልሆነው እንደሌለ እየነገረ አጽናናው። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ተቀበለ።

ሟቿ ባንቺዓለም የፈንታነሽ ታላቅ እህት ነበረች። ሞጣ ተወልደው አብረው አደጉ፤ ታላቂቱ ለይግዛው ተድራ ቢቸና መጣች። እሱ አብዮቱ ሲመጣ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥም የሚናገረው እንደ ስብሰባ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በባንቺዓለም ግራ ጭን ላይ በወጣች እብጠት ነው። የዶሮ እንቁላል ታክላለች፤ አታማትም፣ አትቀላም፣ አትፈርጥም። ይግዛው ጤና ጣቢያ መውሰዱን ትቶ በየቤቱ እየዞረ መርፌ የሚወጋ ወዳጁን አመጣ። ሰውየው በአውራ ጣቱ ደባብሶ ሞራ ነው አለ። በምላጭ ቀዶ አወጣትና ከአጥር ውጭ ወረወራት፤ ውሻ በላት። ይግዛው ይህን በየጠላ ቤቱ እየሳቀ አወራው። ቁስሉ ጠግጎ ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ጠባሳ ሥር ሌላ እብጠት ተነሳ፤ ይኼኛው ደግሞ ጡጫ ያክል ነበር።

ባንቺዓለም ሞጣ ስትመጣ ፈንታነሽ ነች ይዛት ወደ ሲስተር በዛብሽ የሄደችው። ሲስተር ከሐረር ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ባንቺዓለምን አስተኝታ «ጭንሽን አጠንክሪ» አለቻት፤ እብጠቱን ይዛ ወዲያ ወዲህ ልትገፋው ሞከረች፤ አልነቃነቅ አላት።

«ሞራ ቢሆን ከጣቴ ሥር ይንሸራተት ነበር» አለች። «ይኼ ጡንቻው ውስጥ ነው። ከእንግዲህ ማንም ምላጭ እንዳያስነካው። መጀመሪያ ናሙና ተወስዶ ምንነቱ መታወቅ አለበት።»

አዲስ አበባ እህትማማቾቹና ይግዛው አብረው ሄዱ። ሐኪሙ በወፍራም መርፌ ከእብጠቱ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ ላከ፤ ደረቷንም ራጅ አስነሳት። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጦ አስረዳቸው። ከጡንቻው ከራሱ የበቀለ ነቀርሳ ነበር። ሳይመረመር ባይቀደድ ኖሮ ዙሪያውን ይዞ ማውጣትና እግሩን ማትረፍ ይቻል እንደነበር፣ አሁን ግን ምላጩ በቀደደው ሁሉ ገብቶ እንደተሰራጨ ነገራቸው። ሳንባዋ ገና ንጹሕ ስለሆነ እግሩ ቶሎ ከተቆረጠ ተስፋ አላት አለ።

«ይቆረጥ» አለች ባንቺዓለም። «ተቀምጬም ቢሆን እፈትላለሁ።»

የባል ፊርማ ተጠየቀ። ይግዛው ወጥቶ ሲጋራ አጭሶ ተመለሰና እዚያው ሐኪሙ ፊት፣ «እኔ እግረ ቆራጣ ሚስት ይዤ ሰው ፊት አልቆምም» አለ። ፈንታነሽ እኔ ልፈርም ብላ ለመነች፤ ባል እያለ አይሆንም አሏት። በማግሥቱ ባንቺዓለምን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ወደ ቢቸና መለሳት።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ የይግዛው እናት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከአጠገባቸው ለተቀመጠችው ጎረቤት ሲያንሾካሹኩ ፈንታነሽ ሰማች።

«ልጄ ግን ጨዋ ነው። እንደዚያ እየሸተተች እንኳ አልፈታትም።»

አልፈታትም፤ ግን ከቤት አውጥቶ ጓሮ ባለችው የእህል ማስቀመጫ ቤት አስተኛት። እብጠቱ ፈንድቶ እንደ አበባ ጎመን ተንዠርጎ ነበር። ፈንታነሽ ከሞጣ መጥታ ጨርቁን ስትፈታ ከሥሩ ትል ይራገፋል፤ ዝንቡ በፊቷ ላይ ያርፋል። አፍንጫዋን ሳትይዝ ታጥባለች፤ ከዚያ ውጭ ወጥታ ታስመልሳለች። ይግዛው ምግብ በሰው ይልካል እንጂ ያችን በር ተሻግሮ አያውቅም። በኋላ ሳሉ መጣ፤ ከሳሉ ጋር ደም።

በሠልስቱ የቀበሌው ሰዎች ተሰልፈው መጡ። አንደኛው ቆሞ ጓድ ይግዛው የትግል አጋሩን በማጣቱ የተሰማቸውን ሐዘን በረጅሙ ገለጸ። ሲጨርስ ይግዛው ከወንድሞቹ መካከል ተነስቶ ፈንታነሽ አጠገብ ተቀመጠ። ሰው እንዲሰማለት የፈለገ ይመስል ነበር።

«ፋንትዬ፣ ስትሞት ስለ እኔ ምን አለች?»

«ምንም።»

«ይቅር ብዬዋለሁ አላለችም?»

ፈንታነሽ የነጨውን ፊቱን አየችው። የደረቀው ደም ላይ ዝንብ አርፏል።

«እስከ መጨረሻዋ ሐኪሙ ፊት ያለች እየመሰላት “ይቆረጥ፣ ይቆረጥ” ስትል ነበር። አንተን አልጠራችም።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። የቀበሌው ሰዎች መሬት መሬት አዩ። ይግዛው ተነስቶ ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ። አልቃሿ እንደገና ስትጀምር ጥቂት ሴቶች ብቻ ተቀበሏት።

ፈንታነሽ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች። ከእህል ቤቱ ግድግዳ ሥር የእህቷ የላስቲክ ጫማ ተቀምጧል። የቀኙ ሶል አልቆ ጫፉ ተቀዷል፤ ግራው ግን ያበጠው እግሯ ስላልገባበት ከሱቅ እንደወጣ ነው። የራሷን አውልቃ እሱን አደረገች። አዲሱ ጫማ ተረከዟን ያዛት። ማንንም ሳትሰናበት፣ በግራ እግሯ ትንሽ እያነከሰች ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ወረደች።