የዳማ እከክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሄሎ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ሰውን ከሰው ሲያገናኝ ኖሮ እሱ ጡረታ ቢወጣም፣ ቅጽል ስሙ ጡረታ አልወጣም። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት የሚኖሩት እሱና ዳማ ብቻ ናቸው።

ዳማ የሚስቱ ውሻ ነበረች። እሱ ያቀረበላትን ትበላለች፤ እጁ ወደ ጀርባዋ ሲዘረጋ ግን ሹልክ ብላ የሚስቱ ወንበር ላይ ትወጣና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እሱም ደጅ አልጠናትም። «ተኳርፎ መኖርም ኑሮ ነው» ይላታል አንዳንዴ።

ቤቱ ነፍስ የሚዘራው እሁድ እሁድ ነበር። ሴት ልጁ ዓመት ያልሞላትን ሕፃኗን አቅፋ ትመጣና ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ትሄዳለች። እሱ ለዚያች ሁለት ሰዓት ከሐሙስ ጀምሮ ቤት ሲጠርግና ሲወለውል ይሰነብታል።

አንድ እሁድ የሴት ልጁ ዓይን ዳማ ጆሮ ላይ አረፈ። ጫፉ ተመልጦ ነጭ ቅርፊት አውጥቷል። ክርኗ ላይ ያለው ፀጉር ረግፎ ቆዳው ቀልቷል።

«አባዬ፣ ይሄ እከክ አይደለም እንዴ?»

«አቧራ ነው» አለ፣ ክንዱን እያከከ።

ልጁ እጅጌውን ሰብሰብ አደረገችው። ክንዱ ላይ ቀያይ ሽፍታ ተበትኗል። ሕፃኗን ከምንጣፉ ላይ ብድግ አደረገቻት።

«አትቀየመኝ አባዬ። ሕፃን ይዤ እዚህ መምጣት አልችልም። ወይ አሳክማት፣ ወይ ለሆነ ሰው ስጣት። እስከዚያው በስልክ እንገናኛለን።»

«በስልክ» አለ እሱ።

በማግስቱ መካኒኩ ጎረቤቱ ወሬውን ሰምቶ በጣሳ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይዞለት መጣ። «ጋሽ ሄሎ፣ ለእከክ ብለው ሐኪም ቤት እንዳይንከራተቱ። ይቺን ቀባ ያድርጓት፤ እንደ አዲስ መኪና ነው የምታብረቀርቀው።»

እሱም ቀባት። ዳማ ጥግ ይዛ እየተንቀጠቀጠች ዝም ብላ ተቀባች። ከሰዓት በኋላ ግን ገላዋን ስትልስ ቆይታ ታስመልስ ጀመር፤ ለሃጯ ተዝረከረከ፤ እግሯ ከዳት። ባገኘው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸከማት። በዕድሜዋ ሙሉ ሲያቅፋት የመጀመሪያው ነበር። እንዲህ ቀላል ናት ብሎ አስቦ አያውቅም። በመንገዱ ሰው ሁሉ ገለል እያለ አሳለፈው፤ ከአክብሮት ግን አልነበረም።

የእንስሳት ሐኪሟ እጅጌዋን ሰብስባ ዘይቱን በሳሙና ደጋግማ አጠበችላት፤ መርፌም ወጋቻት።

«ማነው ዘይት ያዘዘልዎት?»

«ጎረቤቴ።»

«ሐኪም ነው?»

«መካኒክ ነው።»

«እንግዲያው መኪና ሲታመምብዎት ወደ እሱ ይሂዱ» አለች፣ ሳትስቅ።

ከዚያ የዳማን ጆሮ ጠርዝ ደም ጠብ እስኪል በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጋ፣ የወጣውን መስታወት ላይ ቀብታ በማይክሮስኮፕ አየችና ለእሱ ቦታ ለቀቀችለት። አጎንብሶ ሲያይ እግሯ እንደ ጉቶ ያጠረ ድቡልቡል ነገር ትርመሰመሳለች።

«ቆዳ ሥር እየቆፈረች እንቁላሏን የምትጥለው ይቺ ናት። ዳማ ከዘይቱ ካገገመች በኋላ በክብደቷ ልክ መድኃኒት እወጋታለሁ፤ በሁለት ሳምንቱ ይደገማል። በየሳምንቱ በዚህ ጠርሙስ ባለው መድኃኒት ያጥቧት፤ አሥር ደቂቃ ሳትልስ ይቆይባት። የምትተኛበትን ጨርቅ ሁሉ ይቀቅሉት። ከሌላ ውሻ ጋር አትገናኝ።»

«እኔስ?»

«የውሻ እከክ በሰው ገላ ላይ ብዙ አይሰነብትም። እሷ ስትድን የእርስዎም ይጠፋል። ካልለቀቀዎት የሰው ሐኪም ያሳዩ።»

የምትተኛበት ጨርቅ የሚስቱ ወንበር ልብስ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አልታጠበም። አንዳንዴ ማንም በሌለበት (መቼስ ማን አለና) ፊቱን ወደ መደገፊያው ያስጠጋ ነበር። ያን ቀን ውሃው እስኪንተከተክ ጨርቁን እጁ ላይ ይዞ ቆመ። መጨረሻ ላይ አንዴ አሸተተውና ከተተው። ውሃው ደፈረሰ። ገመድ ላይ ሲያሰጣው የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ሲደርቅም ለማንሳት አልቸኮለም።

ከባዱ አሥር ደቂቃው ነበር። ዳማን ሳፋ ውስጥ አቁሞ እንዳትልስ አንገቷን ይይዛታል፤ እሷ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰዓቱ አልሄድ ይላል። ሲቸግረው ያወራት ጀመር። በሥራው ዘመን የሰው ጨዋታ ሲሰማ ኖሮ ራሱ ጨዋታ አያውቅም ነበር። «እመቤትሽ ስታጥብሽ ና ያዝልኝ ትለኝ ነበር» አላት በሦስተኛው ሳምንት። «አንድ ቀን እንኳ አልመጣሁም። ጋዜጣ እያነበብኩ ነው እላታለሁ። ምን እንደተጻፈበት ዛሬ አንዱንም አላስታውስ።» ዳማ አገጯን ክንዱ ላይ ጣል አደረገች። ደክሟት ይሆናል።

በስድስተኛው ሳምንት ጆሮዋ ፀጉር አቀመቀመ። ሐኪሟ በተለያየ ቀን ሁለቴ ፍቃ ብታይ ምንም አጣች። የእሱም ሽፍታ ጠፍቷል። ሩጫ ሊባል በሚችል እርምጃ ቤቱ ገብቶ ለልጁ ደወለ።

«ተመስገን! ይሄን እሁድ ግን አይመቸንም አባዬ፤ በሚቀጥለው እንመጣለን።»

በሚቀጥለው ሕፃኗን ጉንፋን ያዛት። በሦስተኛው «እደውልልሃለሁ» አለችው። እሱ ከድምፅ ሰውን ማወቅ ሙያው ነበር። አልዋሸችም፤ መቅረቱን ለምዳው ነው። ስልኩን ዘግቶ የጠረገውን ቤት እንደገና ጠረገ።

በአራተኛው እሁድ ዳማ አንገት ላይ ገመድ አድርጎ በእግሩ ወደ ልጁ ቤት ተነሳ። ልጁ በሩን ከፍታ ክው አለች።

«አባዬ! ምነው ሳትደውል?»

«ድናለች። ጆሮዋን እዪ።»

ልጁ ግን ጆሮዋን አላየችም። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እናቴ የሌለችበት ቤት መግባት ያስጨንቀኝ ነበር። እከኩ ሲመጣ ሰበብ አገኘሁ።»

«እኔ እኮ እዚያው ነው የምኖረው፣ ልጄ» አላት።

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ሕፃኗ እየዳኸች መጥታ የዳማን ጅራት ልትይዝ ስትል እናትየው ልትከለክላት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መለሰችው። ሻይ ጠጡ። ሲነሳ ልጁ «እሁድ እኔ መጥቼ ወደዚህ እወስድሃለሁ» አለች፤ እሱም «እሺ» አለ፣ ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል እያወቀ።

ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ደከመው። የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ አረፍ አለ። ዳማ ገመዱን ሳትጎትት አጠገቡ ተቀመጠች፤ እጁን ጀርባዋ ላይ ሲያሳርፍም አልሸሸችም። ቤታቸው ገና ሩቅ ነበር።