ያልተሰመረበት ዳዶ

«በየትኛው ክፍለ ጦር ነበር ያገለገለው?» ብለው ጡረተኛው ወታደር የሟቹን ታናሽ ወንድም ጠየቁት። ከቀብር በኋላ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ማን ምን እንዳለው ተደበላልቆበታል።

«ወታደር አልነበረም፣ አባባ።»

«ሻምበል ሲሉት እሰማ ነበር እኮ!»

«ቅጽል ስሙ ነው። መኪኖቹን እንደ ወታደር ስለሚያዛቸው ነው ያወጡለት።»

ሽማግሌው ቅር አላቸው። አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ሟቹ በጦር ሜዳ የሠራውን ጀብዱ ሲተርኩለት ነበር ያረፈዱት።

ሻምበል ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ጦሩ ያሰናበታቸውን የጭነት መኪኖች ሰዎች በጨረታ እየገዙ ያመጡለታል፤ እሱ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆኖ ሲያድሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ። ዝገታቸውን ይፍቃል፣ ጭነት የሚሸከመውን ባሌስትራቸውን ያጠነክራል፣ አንዱ የፍሬን መስመር ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ለሁለት ይከፍለዋል። የሁለት ሰው ጉልበት የሚጠይቀውን መሪ በዘይት ግፊት እንዲዞር ያደርገዋል። የሞተ መኪና ያስነሣል ይሉት ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ደረቱን ያዘ። ሁለተኛውን ጫማ አላሰረም።

ደንበኛቸው የሆነ አንድ ቀጭን ሾፌር ገባና ለሟች ሚስት እጅ ነሥቶ ከታናሽየው ጎን ተቀመጠ። ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ነፍሱን ይማረው። በዚህ ሰዓት እናንተን ማስቸገር ነውር ነው ብዬ፣ መኪናዬን ትናንት ራሴ ወሰድኳት። ዘበኛው ከፈተልኝ፣ ቁልፏም እላይዋ ነበር።»

«የቷን መኪና?»

«ስንት መኪና አለኝ? ያቺኑ ነዋ! መሪዋ በአንድ ጣት ነው የሚዞረው። ስሚንቶ ጭኜ ጨርሻለሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። ሳልሄድ ልድረሳችሁ ብዬ ነው።»

ታናሽየው የያዘው ቡና ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ማቃጠሉ የተሰማው ቆይቶ ነው።

ከመሪው ሳጥን ወርዶ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞር አንድ ወፍራም ክንድ አለ። ክንዱን የሚይዘው ብሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። ዳዶው ከላላ ክንዱ ይወልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሾፌሩ መሪውን የፈለገውን ያህል ቢያዞር ጎማው አይሰማውም። ታናሽየው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ማጥበቂያ ቁልፉን እዚያ ዳዶ ላይ ማሳረፉን ያስታውሳል። አጥብቆ መጨረሱን አያስታውስም።

ያን ቀን፣ በመሃል፣ ሻምበል ከግራ ጎማው በኩል ጠርቶት ነበር።

«ና ውጣ! ይኼን ብሎን ማነው የሰበረው?»

የነዚህ መኪኖች የግራ ጎማ ብሎኖች ከቀኞቹ በተቃራኒ ነው የሚፈቱት። ታናሽየው ጠዋት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ የፈታ መስሎት ሲያጠብቅ፣ ሲያጠብቅ፣ ሰብሮታል።

«ሃያ ሁለት ዓመት!» አለ ሻምበል፣ ዘበኛው እየሰማ። «የግራ ጎማ እንዴት እንደሚፈታ ዛሬም ላስተምርህ?»

በጋራዣቸው ደንብ አንዱ ያጠብቃል፣ ሌላው ይፈትሻል። የፈተሸው በነጭ ቀለም ያሰምርበታል። ያልተሰመረበት ዳዶ እንዳልጠበቀ ይቆጠራል። የሻምበልን ሥራ ግን ማንም አይፈትሽም፤ አጥብቆ ራሱ ያሰምራል።

«የኔን አንተ ትፈትሻለህ» አለው ታናሽየው። «ያንተንስ ማነው የሚፈትሸው?»

ቁልፉን ጥሎ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ አይቶት ነበር። አሁን ሲያስበው፣ አንዴ ሻምበል መኪናው ሥር ሲገባ ይታየዋል። አንዴ ደግሞ ቧንቧው ጋ ቆሞ እጁን ሲታጠብ። ሁለቱም እውነት ይመስሉታል።

«አትሂድ» አለው ሾፌሩን።

«ምነው? ምን ጎደላት?»

አትሂድ ሲል ድምፁ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ ሰው ሁሉ ዞረ። ዳዶው ላልቶ ይሆናል ቢል፣ ሻምበል ሥራውን ሳይጨርስ ሞተ ሊባል ነው። ወይስ ያልጨረስኩት እኔ ነኝ? እሱንም አያውቅም።

«ምንም አልጎደላት። ልያት ብዬ ነው።»

ሲነሣ የሟች ሚስት ቀና አለች።

«ወዴት ነው?»

«አንድ ነገር አይቼ ልመለስ፣ እትዬ።»

«መኪና ነው?»

ወደ በሩ ተራመደ።

«እሱም አንድ ነገር አይቼ ልመለስ ነበር የሚለኝ፤ ሁልጊዜ» አለች። «ሂድ። ሸሚዝህን ግን እንዳታቆሽሸው፣ ሰው ፊት ነህ።»

መኪናዋ ከስሚንቶው መጋዘን ፊት ለፊት ቆማለች። ሾፌሩ ካርቶን አነጠፈለት። ታናሽየው ትልቁን ቁልፍ ይዞ በጀርባው ገባ።

ዳዶው እንዳይዞር የምትቆልፈው ባለ ሁለት እግር ሽቦ በቦታዋ አለች። አንዱ እግሯ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ታጥፏል። እሱ ሁለቱንም ወደ አንድ ጎን ነው የሚያጥፋቸው። የሻምበል እጅ ነው። መኪናው ሥር ገብቷል ማለት ነው፤ ጨርሶታል። ታናሽየው ትንፋሹን ለቀቀ።

ከዚያ ነጩን መስመር ፈለገ። የለም። ዘይቱን በመዳፉ ጠርጎ አየ። የለም።

ለሃያ ሁለት ዓመት ሳያሰምር ከመኪና ሥር ወጥቶ አያውቅም። ና ፈትሸኝ ማለቱ ነው? ወይስ ደረቱን ያን ጊዜ አሞት ኖሮ፣ ቀለሙ ጋ መድረስ አቅቶት ነው? ወይስ ዝም ብሎ ረሳው? እሱ እኮ አይረሳም።

ሽቦዋን ማውጣት ወንድሙ ለመጨረሻ ጊዜ የነካውን ማፍረስ ነው። ሳይፈትሹ መተው ደግሞ ሾፌሩን በግምት ወደ ቁልቁለቱ መስደድ ነው። ጣቱ ሽቦዋ ላይ ቆየ። ከዚያ እግሮቿን አቃንቶ መዘዛት።

ቁልፉን አሳርፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሳበ። ዳዶው ያው ነው።

«እህ?» አለ ሾፌሩ ከላይ፣ ጎንበስ ብሎ። «ላልታለች እንዴ?»

«ጠብቋል። አዲስ ሽቦ አቀብለኝ።»

አቀበለው። አስገብቶ እግሮቿን አጠፈ።

«በል ውጣልኛ፣ ሰዓቴ ደርሷል! ምን ታደርጋለህ እዚያ?»

አልወጣም። ዳዶውን እያየ ጀርባውን ወደ ካርቶኑ ጠርዝ አሸሸ፤ ከጎኑ፣ ሻምበል ሊፈትሽ የሚገባ ይመስል፣ ለአንድ ሰፊ ትከሻ የሚበቃ ቦታ ለቀቀ።