ከላይ ሲያዩት ለምለም

አባቴ ደን ጠባቂ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ደን ጠብቋል። እኔ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ከሳተላይት የሚመጣ ምስል እያየሁ የትኛው ደን እንደሳሳ በካርታ አሳያለሁ። «እኔ የምድር ዘበኛ፣ አንቺ የሰማይ ዘበኛ» እያለ ይቀልድብኛል። ወይ ዘበኛ!

አምና ደወለና፣ «ልጄ፣ ዛፎቹ ቆመው ሞተዋል» አለኝ። «ሙቀቱ በዛ፣ ምንጩም ደረቀ። ቅርፊታቸውን ስልጠው ጠብታ እርጥበት የለም።»

ምስሉን ከፍቼ ከቀደሙት ዓመታት ጋር አነጻጸርኩት። ለምለም ነው። «አባዬ ደግሞ! አንተ አሥር ዛፍ አይተህ ነው፣ እኔ ጠቅላላውን ነው የማየው» አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

«እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። እኔም «ለውጥ የለም» ብዬ ፈረምኩ። እሳት እንዳይዛመት ዙሪያቸው የሚመነጠርላቸው ደኖች የተመረጡት በዚያ ሪፖርት ነው፤ የአባቴ ደን ቀረ። ጎረቤቶቹ «በራሳችን እንመንጥር» ሲሉ እንኳ፣ «ልጄ ከላይ አይታዋለች፣ ደህና ነው» ብሎ የመለሳቸው እሱ ነው። በእኔ ኮርቶ እኮ ነው!

ነገሩ የገባኝ ደኑ ከተቃጠለ በኋላ ነው። በክረምት ደመና፣ በበጋ አቧራ ስለሚጋርደን፣ ቢሮአችን ሁልጊዜ የሚጠቀመው ዝናቡ ባበቃ ሰሞን የተነሳውን ጥርት ያለ ምስል ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሐረጉ በደረቁት ዛፎች ላይ እስከ ጫፍ ወጥቶ ይሸፍናቸዋል። ደን ብዬ የፈረምኩት ሐረግ ነበር። ሐረጉ ከረገፈ በኋላ የተነሳ አንድ የበጋ ምስል ብከፍት፣ አቧራም ቢኖረው መድረቁ ይታየኝ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአባቴን ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ እንጂ!

ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል ደወለልኝ። እሳቱን አጠፋለሁ ብሎ ገብቶ ሁለቱም እግሮቹ ተቃጥለዋል፤ ከእንግዲህ ወደ ደኑ አይወጣም።

«እስቲ እዪልኝ» አለኝ፣ «ከምንጩ በላይ ያሉት ትላልቆቹ ተርፈዋል?»

አዲሱ ምስል ፊቴ ተከፍቶ ነበር። እንደዚያ ጥርት ያለ ምስል አይቼ አላውቅም። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ አንድም የተረፈ የለም።

«ደመና ነው፣ አባዬ» አልኩት። «አይታይም።»

«ደህና፣ ሲገለጥ ደውዪልኝ» አለኝ። «ሰው ብዙ ያወራል፤ እኔ የማምነው አንቺ ያየሽውን ነው።»