የጊፋታ ሰሞን ትርፍ ሰዓት

ጋሽ አድነው ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን ስትሰሙ ሰይጣን አድርጋችሁ እንዳትስሉት ነው። ሶዶ ከተማ የልብስ ስፌት ቤት አለው፤ እኛ ሰፊዎቹ እሱ ዘንድ ተቀጥረን እንሠራለን። ሰው ሲታመም ይጠይቃል፣ ሲሞት ይቀብራል፣ ሲያገባ ይድራል። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ከደግነቱ ነው።

አብራኝ የምትሰፋውን ፈጠነችን የዳራት እሱ ነው። ልጅቷ የቤሌ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ታላቅ ወንድሟ ኤርካሎ ነው ያሳደጋት። ኤርካሎ ለሌላ ቤት ቃል ሰጥቶባት ሳለ እሷ የሁምቦውን ሻንቆን ወደደችና አገባች። ከወንድሟ ወገን ሠርጉ ላይ ዝር ያለ የለም። ታዲያ ጋሽ አድነው ሱፉን ለብሶ በአባቷ ቦታ ቆመና መረቃት። እኔ ሚዜዋ ነበርኩ፤ ጉልበቱን ስማ ስታለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ «ጋሽዬ» ላለው ነገር ሁሉ መልሷ «እሺ» ሆነ።

ዘንድሮ ኤርካሎ ልቡ ራራ። እናታቸው አልቅሳ ለምናው፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገቡበትና የእርቅ ቀን ቆረጡ፤ ከጊፋታ በፊት ያለው እሁድ። በእኛ አገር ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። ተጣልቶ የከረመ ሁሉ ታርቆ ነው አዲሱን ዓመት የሚቀበለው። ፈጠነች ይህን የነገረችኝ ዕለት ክር ሳታስገባ መኪናዋን ታስኬድ ነበር።

«ቤቲ፣ እናቴ ቤት ልገባ ነው እኮ!»

ችግሩ፣ ጊፋታ ለእኛ ቤት የዱንጉዛ ሰሞን ነው። ያን ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር ያለው የወላይታ ልብስ ሳይለብስ በዓሉን ያከበረ የሚመስለው ሰው የለም። ጋሽ አድነው የሚችለውንም የማይችለውንም ትእዛዝ ተቀበለ። ከዚያ ሰበሰበንና «እስከ በዓሉ በየቀኑ እያመሻችሁ ትሠራላችሁ። እሁድም ትገባላችሁ። አልገባም የሚል ካለ መቀሱን አስረክቦ ይሂድ» አለ።

ዘሩባቤል የሚባል ጨርቅ ቀዳጅ አለን፤ ዝም ማለት አያውቅም። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዶ ጠይቆ መጣ። «ትርፍ ሰዓት ባለቤቱ ስላሻው ብቻ የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ምክንያቱን ሕጉ ዘርዝሮታል፣ ልክም አበጅቶለታል። የሳምንት ዕረፍታችንንም እንዲሁ ሊወስድብን አይችልም። አንድ ላይ ሆነን እንንገረው» አለን። አንዱ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ወደ ስፌቱ ዞረ። ሌላው «ከበዓል በኋላ ይደረስበታል» አለ። እኔ ፈጠነችን ያዝኳት።

«አንቺ እንኳ እሁድን እምቢ በይ። መብትሽ ነው፣ ማንም አይቀማሽም።»

«ሌላ ሰው ቢሆን እል ነበር። ጋሽዬን ግን በየት አፌ?»

ልለምነው ብላ ገባች፤ ተከትያት ገባሁ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው። ጋሽ አድነው ሜትሩን ከአንገቱ ላይ እያወረደ ሳቀ።

«አይ ፈጠነች! ወንድምሽ የት ይሄዳል? የሚሄደው ገበያው ነው። ለሠርግሽ አባት ሆኜ የቆምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ታዲያ ዛሬ ስቸገር ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?»

«እሺ፣ ጋሽዬ» አለች።

እሁድ ሠራን። ለምሳ ጥብስ አስመጣልን፤ እሷ አልቀመሰችም። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ሳያስታርቀው አይደዋወልም። ለሽማግሌም «ቀርቻለሁ» ተብሎ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ይላካል። የምትልከው ሰው ደግሞ ሁሉም ስፌት ላይ ነበር። ሻንቆ እንዳይሄድላት የጠቡ መነሻ ራሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብላ «አሁን ተቀምጠው ይሆናል» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «አሁን ተነሥተው ይሆናል።» ይህን ስትል እንኳ ስፌቷ መስመር አልሳተም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ከቤሌ በመጣ መኪና ወሬው ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቀው፣ ተዋርደናል ብለው ተበትነዋል። ጋሽ አድነው ሲሰማ አዘነ፤ ለማስመሰል አይደለም፣ ከልቡ አዘነ። «እኔ ያጠመምኩትን እኔው አቃናለሁ። ሽማግሌ ሆኜ እሄድልሻለሁ» አላት። ሌላ ቀን ለምነን አስቆረጥንና በበዓሉ ዋዜማ፣ የመጨረሻው ልብስ ተተኩሶ ሲያልቅ፣ ሦስታችን ቤሌ ወረድን።

ሽማግሌዎቹ ኤርካሎ ግቢ አቮካዶው ሥር ተቀምጠዋል። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። እርቅ ሳይወርድ መቅረብ ስለማይቻል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከሩቁ ልጇን ታያለች። ለእንግዳው ለጋሽ አድነው ክብር ሲባል ንግግሩ በአማርኛ ሆነ፤ የአገሩ ሰው በአማርኛ ሲናገር ሴቱንም በወንድ መጥራት ይቀናዋል።

«ልጅቱ ያን ቀን ለምን ቀረ? ማን ከለከለው?» ብለው ትልቁ ሽማግሌ ጠየቁ።

ፈጠነች ጋሽ አድነውን አየችው። እሷ በአባቷ ቦታ የቆመን ሰው በሽማግሌ ፊት አትከስስም፤ አውቃታለሁ። ከእሱ የሚጠበቀው «እኔ ከለከልኳት» ማለት ብቻ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ።

«ያው … የበዓል ሰሞን አይደል? ሥራ በዝቶባት ነው» አለ።

ልናገር ስነሣ «ያልተጠየቀ አይናገርም» ብለው አስቀመጡኝ። ኤርካሎ ግን ተነሣ። አልጮኸም።

«እኔ በግ አስሬ ጠበቅኩ። እናቴ ጠዋት ተነሥቶ ቤቱን ጠረገ፣ ምንጣፍ አነጠፈ። ሥራ ነው የበለጠብን? እንግዲያ ሥራው ወንድም ይሁናት» ብሎ ቤት ገባ።

ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት ጊፋታ ያድርሰን» ብለው ዱላቸውን አነሡ። እናቷ እጇን ወደ እኛ ዘረጋች፤ ከውስጥ ተጠራችና ገባች።

ወደ ሶዶ ተመለስን። መናኸሪያ ስንወርድ ጋሽ አድነው መሬት መሬት እያየ «ፈጠነች፣ ከበዓሉ በኋላ ሌላም ቀን ጨምረሽ ዕረፊ» አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አልኩ በሆዴ።

«እሺ፣ ጋሽዬ» አለች።

እሱ ከዓይናችን እስኪሰወር ጠበቀችና መንገድ ዳር ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«ምናለ ያን ቀን እምቢ ባልኩት ኖሮ፣ ቤቲ» አለችኝ።