የዓሣ ገረድ

ሰው ለሰው ገረድ ይሆናል፤ እኔን ጌታዬ ፊታውራሪ ቢያዝን ለዓሣ ገረድ አደረጉኝ!

ዓሦቹን ከምጽዋ አምጥተው፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው ሳሎን በመስተዋት ሣጥን አኖሯቸው። ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበትን ውኃ ነው የለመዱት፤ ጨው ሲበዛም ሲያንስም ይሞታሉ። የቀሃን ወንዝ ውኃ እሞላና የተወቀጠ አሞሌ እየጨመርኩ በምላሴ እቀምሳለሁ። እንደ እንባ ጨው ጨው ሲለኝ ልክ ነው።

በሁዳዴ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማን ይቀምሳል? አንድ ጠዋት ውኃውን ለውጬ ጨዉን በዓይኔ ገምቼ ጨመርኩ። እኩለ ቀን ሳይሆን ዓሦቹ ሁሉ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ።

ፊታውራሪ ጀርባዬን በአለንጋ ተለተሉት።

"ምነው ሳትቀምሺ?"

"ጾም ነው፣ ጌቶች።"

ፀጉሬን ጨምድደው ፊቴን ሣጥኑ ውስጥ ደፈቁት። "አሁን ቅመሺ!"

ትንፋሼ ሊቆረጥ ደረሰ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። ቢያቅታቸው ቀና አድርገው፣ መንጋጋዬን ሊፈለቅቁ ጣታቸውን ከተቱ። አጥንቱ ቀጭ እስኪል ነከስኩት። ጩኸታቸው ቅዳሜ ገበያ ድረስ ተሰማ።

በጠብታ ውኃ ያልገደፍኩትን ጾም በፊታውራሪ ደም ገደፍኩት። ጨዉ ልክ ነበር።