በአማርኛ ገና ነው

ሔራን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ትምህርት ስትማር፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ በማለቱ ብቻ ያለፈው ከሚመጣው የሚለይባቸው ቋንቋዎች በዓለም ላይ እንዳሉ ሰማች። ሰምታ አርፋ ብትቀመጥ ምን ነበረበት! ከክፍል ጓደኛዋ ከዘሥላሴ ጋር ሆና የራሷን ፈጠረች። በቋንቋቸው «ሎታ» መስጠት ነው፤ ድምፁ ሽቅብ ከወጣ ተሰጥቷል፣ ቁልቁል ከወረደ ይሰጣል፣ ዝርግ ከሆነ ግን አይሰጥም።

አንኮበር ቤተሰቦቿ ዘንድ ስትመጣ ከዘሥላሴ ጋር በስልክ የምታወራው በዚሁ ነው፤ ያውም አባቷ ፊት። ምስጢሩን ለእናቷ ስትፈታላት እንኳ አባቷ መጋረጃው ማዶ ዳዊት ይደግሙ ነበር። መሪጌታ ወልደአረጋይ ደግሞ የግዕዝ ንባብ መምህር ናቸው። ድምፁ ከፍ የሚለውን ተነሽ ጥሎ፣ ዝቅ የሚለውን ወዳቂ አንሥቶ ያነበበ ተማሪ ከአጥር ውጭ ሆነው ይሰሙታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም የእሳቸው ጆሮ ዘመድ ነው። ፍቅር የያዘው ሰው ይህን ከየት ያስታውሳል?

ዘሥላሴ ሽማግሌ ላከ። ሔራን ጓዳ ሆና ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች።

«እስቲ እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አሉ አባቷ።

በአገሩ ወግ ለመጀመሪያ ልመና እሺ የሚል አባት የለም፤ ልጁ የከበደችው ይመስላላ! ሔራን ይህን ታውቃለች። ግን የታላቅ እኅቷን የሰናይትን ለማኞችም በዚሁ ቃል ሸኝተዋቸው፣ ተመላልሰው ተመላልሰው ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። የትኛው «ተመለሱ» ነው? ፈራች፤ እንባዋ መጣ።

መሪጌታ ሽማግሎቹን እስከ በር ሸኙ። ዘሥላሴ ሽማግሎቹን ያመጣበት መኪና አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። መሪጌታ ወደ እሱ ሳይሆን ተራራውን ወደሸፈነው ጉም እያዩ፦

«ሎታ!» አሉ። ሽቅብ፣ ጥርት አድርገው።

ሽማግሎቹ መሪጌታው ጉሮሯቸውን የጠረጉ መሰላቸው። ዘሥላሴ ግን የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ጣለ።

ሔራን ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። መኪናው እስኪሄድ እንኳ መታገሥ አቅቷት ነበር።

«አባዬ! ሲሰሙን ነበር እንዴ?»

«ተነሽና ወዳቂ ሳልለይ ነው ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት? ያ ልጅ ግን ወዳቂውን በደንብ አይጥልም፤ እስኪመለሱ አርሚው።»

«እንግዲያው ሰጥተውኛላ!»

መሪጌታ ወደ ጎረቤት አጥር ገልመጥ አሉ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። በአማርኛ ገና እየተመካከርኩ ነው።»