ከአልጋ ላይ ኖር

ዳሲቱ ጠያቂ ማየት አስጠልቷታል። ባሏ አጥናፉ አንጀቱ ተጠላልፎ ሆስፒታል ሆዱ ተቀዶ፣ ተሰፍቶ፣ አቃቂ በሰቃ ወዳለው ቤቱ ከተመለሰ ጀምሮ ሰው በሰው ላይ ይገባል። የሚሠራበት የጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር ጥጥ የተጣበቀበት ፀጉርና የማሽን ዘይት የሚሸት እጅ አልጋው ዙሪያ ይኮለኮላል። "እግዜር ይማርህ" ይሉና ትንሽ ቆይተው ሁሉም ያንኑ ይጠይቃሉ፤ "እስቲ ቁስሉን እንየው።"

አጥናፉም ሸሚዙን ይገልጣል። ጎረቤታቸው እትዬ በላይነሽማ ወጥ የበሉበትን እጅ ልሰው ልሰው፣ በዚያው ጣታቸው ጠባሳውን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። "እንዴት አድርጎ ገጥሟል፣ የሕፃን ገላ እኮ ነው" አሉ። ዳሲቱ ደጅ ወጥታ ምራቋን ተፋች።

ቁስሉን ያጥብለት የነበረው ድሬሰር ከሆስፒታል ሲያሰናብታቸው በግልጽ ነግሯቸው ነበር። "ላዩ ቶሎ ይገጥማል፣ እንዳትታለሉ። የውስጡ ስፌት ገና ነው። ዕቃ አያንሳ፣ ብድግ ብድግ አይበል። ሮዝ መልክ ያለው ውሃ ከፈሰሰው ቶሎ አምጡት።" አጥናፉ ዕቃስ አላነሳም፤ ብርጭቆ እንኳ የምታቀብለው እሷ ናት። ሽማግሌ በገባ ቁጥር ግን "ኖር" እያለ ከአልጋው ይነሳል። ጠያቂውም "በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጥ" ይላል፣ በደንብ ከተነሳለት በኋላ።

"አትነሳ ተብለሃል እኮ" አለችው ዳሲቱ።

"ሥራ አትሥራ ነው የተባልኩት። ለሰው መነሳት ሥራ ነው እንዴ? አሳዳጊ የበደለው ልባል?"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ አቶ ቀጀላ መጡ። የፋብሪካው ካቦ እንኳ ኮፍያውን የሚያወልቅላቸው ሰው ናቸው። አጥናፉ ክርኑን ተደግፎ "ኖር" አለና ግማሽ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ቀስ ብሎ ተመልሶ ተጋደመ። "የሆነ ነገር ለቀቀኝ" አላት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

አቶ ቀጀላ ሸሚዙን ገልጠው አዩና "ምንም አልሆነ፣ ይኸው ደርቋል" አሉ። እውነትም ቆዳው እንደ ገጠመ ነው። ከሥሩ ግን አንድ እብጠት በተነፈሰ ቁጥር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከጠባሳው ጫፍም ሥጋ የታጠበበት የመሰለ ውሃ ለብ እንዳለ አንሶላው ላይ ይንጠባጠባል። ዳሲቱ ጎንበስ ስትል ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። አፏን በነጠላዋ ይዛ የመጣባትን መልሳ ዋጠችው። የባሏ ገላ ቀፈፋት፤ ባሏ በመሆኑ ደግሞ አፈረች። እትዬ በላይነሽ በትከሻዋ በኩል አንገታቸውን አስግገው ለማየት ይጋፏታል።

"ውጡልኝ" አለች ዳሲቱ፤ በሕይወቷ ታላቋን ስታስወጣ የመጀመሪያዋ ነው። መንገድ ዳር ሽንኩርት የጫነ ካሚዮን አስቁማ ሆስፒታል አደረሰችው።

ሐኪሞቹ ሲከፍቱት የውስጡ ስፌት እንዳለ ተተርትሯል፤ አንጀቱን ይዞ የቆየው ቆዳው ብቻ ነው። በወፍራም ክር እንደገና ሰፉት። "ለሦስተኛ ስፌት የሚሆን ሥጋ የለውም" አላት ድሬሰሩ።

ቤት እንደ ገቡ ዳሲቱ መቀነቷን ፈትታ የባሏን ደረት ከአልጋው ብረት ጋር አሰረችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። በማግስቱ አቶ ቀጀላ ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ ሳቁ ጠፋ።

"ፍቺኝ" አላት በሹክሹክታ።

"አልፈታህም።"

ሽማግሌው መቀነቱን አዩ፣ እሷን አዩ። "እግዜር ይማርህ" ብለው ሳይቀመጡ ወጡ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ጠያቂ የሚባል ድርሽ አላለም። አጥናፉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ።

ሾርባ ስታቀርብለት ዞሮ ጣቶቿን አየ፣ ቀጥሎ ፊቷን፤ አፍንጫው ተሸበሸበ። ዳሲቱ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ያን ቅዳሜ የሱን ሆድ ያየችበት ነው። እስከ ዛሬ እንዲህ አይቷት አያውቅም፣ አንጀቷ ቆሰለ። ቢሆንም ማንኪያውን ከአፉ ሳታርቅ፣ በሌላው እጇ ቋጠሮውን አጠበቀች።